ኢማም አሕመድ በ«ፉቱሕ አል ሐበሻ»፤ ከሐዲያ በኩል የታየ ሂስ

የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን የሕይወት ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ መጽሐፍ ይደርሳል። ይኸውም ዐረብ ፋቂህ በሚል ስም የታወቀው ሺሃብ አድ ዲን አሕመድ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ የጻፈው «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ነው። ረኔ ባሴ የዐረብኛውን ጽሑፍ ከፈረንሳይኛ ትርጕም ጋር ከ1897 እስከ 1909 ባለው ጊዜ በፓሪስ አሳተመው፤ ፖል ስተንሃውስ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ደግሞ በ2003 ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ለታሪክ ምንጭነት ያለው ዋጋ አያጠራጥርም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ መጽሐፍ የአንድን መሪ ሕይወት ሲተርክ ሰውየውን ያሳየናልን? ካላሳየንስ የሚጋርደው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ የነገሩን መሠረት ባጭሩ ላቅርብ። አሕመድ የተወለደው በ1506 ገደማ በአዳል ምድር ነው። በወጣትነቱ ገራድ አቡን ለተባለው የአዳል ገዥ ወታደር ሆኖ አገለገለ። በ1520 መናገሻውን ወደ ሐረር ያዛወረው ሱልጣን አቡ በከር ገራድ አቡንን ገደለው፤ አሕመድም ከብዙ ትግል በኋላ ሱልጣኑን ገድሎ ወንድሙን ዑመር ዲንን በስም አነገሠና ሥልጣኑን በእጁ አደረገ። ሚስቱ ባቲ ድል ወንበራ በ1517 ከዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ጋር ሲዋጋ የሞተው የኢማም ማሕፉዝ ልጅ ነበረች። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ልብነ ድንግልን ድል አደረገ፤ ከዚያም እስከ ትግራይ ድረስ አገሩን ያዘ። በ1542 የፖርቱጋሎቹን አዛዥ ክሪስቶቫው ዳ ጋማን ማርኮ ገደለ፤ በየካቲት 1543 ግን ወይና ደጋ ላይ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ሲዋጋ ወደቀ። የዐረብ ፋቂህ መጽሐፍ እስከዚህ አይደርስም። በእጃችን ያለው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ስለ ሆነ ፖርቱጋሎች በ1541 ከመምጣታቸው በፊት ያቆማል። እንግዲህ የአንድ መሪ ሕይወት ያለ ፍጻሜው የተጻፈ ሆኖ ቀርቶልናል ማለት ነው።

ደራሲው ከዘመቻው ተካፋዮች የሰማውን ይጽፋልና የቦታና የሰው ስም አይቸግረውም። ማን ከማን ጋር እንደ ተሰለፈ፥ ማን በየትኛው ወንዝ አጠገብ እንደ ወደቀ ያውቃል። ወደ ኢማሙ ሲመጣ ግን ብዕሩ ይለወጣል። ገና ከመጀመሪያው ነቢዩ በሕልም ታይተው አሕመድ የሐበሻን ምድር የሚያቀና ሰው መሆኑን እንዳመለከቱ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ሰውየው የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ነገር የለም። ልጅነቱ አይተረክም፤ በገዛ ጌታው ግድያ ያዘነበት ልብ፥ በሱልጣን ላይ ሰይፍ ለማንሣት ያመነታበት ሌሊት አይታይም። ሁሉ አስቀድሞ ተጽፏል፤ እርሱ የሚያደርገው መፈጸም ብቻ ነው።

ይህን ጉድለት የአንድ ወገን ጉድለት ብቻ አድርጎ መቍጠር ግን ስሕተት ይሆናል። የሽምብራ ኩሬን ቍጥሮች እንመልከት። «ፉቱሕ» እንደሚለው ንጉሡ 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 የሚበልጥ እግረኛ ሲኖረው ኢማሙ የነበሩት 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ብቻ ናቸው። የክርስቲያኑ ዜና መዋዕል ደግሞ ለንጉሡ ከ3,000 የሚበልጥ ፈረሰኛና ስፍር ቍጥር የሌለው እግረኛ፥ ለኢማሙ 300 የማይሞላ ፈረሰኛና ጥቂት እግረኛ ይሰጣል። ሁለቱ ጸሐፊዎች በቍጥሩ አይስማሙም፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ኢማሙ ጥቂት፥ ንጉሡ ብዙ ነበር። አንዱ ይህን የሚለው እግዚአብሔር ለአማኞቹ ድል እንደ ሰጠ ለማሳየት ነው፤ ሌላው ደግሞ እግዚአብሔር በሕዝቡ ኃጢአት ተቈጥቶ መቅሠፍት እንዳወረደ ለማሳየት። በአንደኛው መጽሐፍ አሕመድ የፈጣሪ ሰይፍ ነው፤ በሌላው የፈጣሪ በትር ነው። ሰይፍም በትርም የሚያስብ ልብ የላቸውም። ስለዚህ የሚወዱትም የሚጠሉትም ጸሐፊዎች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሥዕል ሣሉ፤ እኛም አንባቢዎቻቸው ያንኑ ሥዕል ወረስን።

ሆኖም የዐረብ ፋቂህ መጽሐፍ ከደራሲው ሐሳብ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ከነዚህ አንዱ በአምሐራ የነበረው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ክፍል ነው። ዐፄ ናዖድ ያስጀመረውን፥ ልብነ ድንግል የፈጸመውን ይህን ሕንፃ ኢማሙ በ1531 ገብቶ ባየው ጊዜ በወርቁና በሥራው ይደነቃል፤ አብረውት የነበሩትን ዐረቦችም በሩም አገር ወይም በሕንድ የዚህ ዓይነት አይታችሁ ታውቃላችሁን ብሎ ይጠይቃል፤ አናውቅም ይሉታል። ከዚያም ሕንፃው ይቃጠላል። ደራሲው በመደነቁና በማቃጠሉ መካከል አንዳች ቃል አላኖረም። አንባቢ ግን እዚያ ላይ ይቆማል። ውበትን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ያወቀውን ውበት ሲያጠፋ በልቡ ምን ነበረ? መጽሐፉ ሳያስበው የጠየቀው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው።

ሁለተኛው የሐዲያ ክፍል ነው፤ በእኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠውም እርሱ ነው። የዚያን ጊዜ ሐዲያ የዛሬው ሆሳዕና አካባቢ ብቻ እንዳልነበረና ወደ ምሥራቅ እጅግ የሰፋ ምድር እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። የሐዲያ ሙስሊሞች ለኢማሙ ስለ ኑሯቸው ይነግሩታል። ለንጉሡ በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ እንሰጣለን፤ እርሱም ክርስቲያን ያደርጋታል፤ የጦር ልብስ እንዳንለብስ፥ ሰይፍ እንዳንታጠቅ፥ ኮርቻ በተጫነ ፈረስ እንዳንቀመጥ ተከልክለናል ይሉታል። ስለ ምን ትታገሣላችሁ ብሎ ሲጠይቃቸው እንዳይገድለን፥ መስጊዳችንንም እንዳያፈርስ ፈርተን ነው ይላሉ። ልጅቱን የሚወስዱት ሰዎች ሲመጡ አልጋ ላይ አስተኝተው፥ አጥበው፥ በጨርቅ ሸፍነው፥ በላይዋ የሙታን ጸሎት አድርሰው፥ እንደ ሞተች ቈጥረው እንደሚሰጧት ይተርኩለታል።

በዚህ ክፍል የኢማሙ ኃይል ከየት እንደ መጣ ከሕልሙና ከትንቢቱ ይልቅ በግልጥ ይታያል። ስብከትና ጀግንነት ብቻውን ከሐረር እስከ ትግራይ አያደርስም። ልጁን በቁሙ የሚገንዝ አባት በየዳርቻው ባይኖር ኖሮ፥ የሰይፍ ጥሪ ሰሚ ባላገኘም ነበር። ይህ ማለት የተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት፥ በባርነት የተነዱት ሰዎች ትክክል ሆኑ ማለት አይደለም። በደል በደልን ያስረዳል እንጂ አያጸድቅም። ታጣቂ መሪን ለማወቅ የሚፈልግ ጸሐፊ ግን ከመሪው ቃል አስቀድሞ የተከታዮቹን ብሶት መስማት እንዳለበት ይህ አንድ ገጽ ያስተምራል።

ሆኖም በዚህ ገጽ ላይም ሂሴ አይቀርም። አባቶች ይናገራሉ፥ ኢማሙ ይሰማል፥ ደራሲው ይጽፋል፤ ልጅቱ ግን ስምም ድምፅም የላትም። ለአባቶቿ ሙት፥ ለንጉሡ ግብር፥ ለደራሲው ደግሞ ለጦርነቱ ምክንያት ሆና ቀረች። እንደ ሞተች ትቈጠር እንጂ አልሞተችም። ለዚህ ማስረጃ የምትሆነን ንግሥት እሌኒ ናት። የሐዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ የነበረችው እሌኒ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነች፤ ከ1508 ጀምሮም ለሕፃኑ ልብነ ድንግል መንግሥቱን ትመራ ነበር። ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ማቴዎስን መልእክተኛ አድርጋ የላከችው እርስዋ ናት፤ በ1541 የመጡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች እርስዋ በከፈተችው መንገድ መጡ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ኢማሙም በወይና ደጋ የወደቀው እነዚያ ሰዎች በተሰለፉበት ጦርነት ነው። ከሐዲያ የሄደች አንዲት ልጅ የዚህን ታላቅ ጦረኛ ፍጻሜ ከሩቅ አዘጋጀች። ዐረብ ፋቂህ ከነገረን የአባቶች ልቅሶ አጠገብ የእሌኒን ሕይወት ብናኖር የሁለቱም ትርጕም ይለወጣል።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው፤ ለምን ይነሣል የሚል ይኖራል። ከሀደሮ ተነሥቶ በሆሳዕናና በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ተማሪ በመንገዱ ላይ ጢያን ያልፋል። በዚያ ያሉትን ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ትክል ድንጋዮች ሕዝቡ የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል፤ የአርኬዎሎጂ ምርመራ ግን ከኢማሙ ዘመን የቀደሙ መሆናቸውን አሳይቷል። ያልሠራውን ሁሉ ለአንድ ሰው መስጠት የዚያው የአሮጌው ሥዕል ፍሬ ነው። «ግራኝ» የሚለው ስም ራሱ ከግራ እጅነት ተነሥቶ ስድብ ሆነ፤ ስድቡም ብዙ ጊዜ ከሞተው ሰው አልፎ አጠገባችን በሚኖረው ጎረቤት ላይ ይወድቃል። ሙስሊሙ፥ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ገበያ በሚገበያዩበት በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላም በኩል ሰውየውን ያለ ነቀፋ ጀግና ብቻ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ፤ እነርሱም የመካነ ሥላሴን እሳት ይዘሉታል። በዚህ ጽሑፍ ንጉሡንም ኢማሙንም በአንድ ዓይነት አነጋገር «እርሱ» ያልኩት ስለዚህ ነው። አንዱን አንቱ፥ ሌላውን አንተ እያልን ታሪክ ከጀመርን ፍርዱን ከምስክሩ በፊት ሰጠን ማለት ነው።

በመጨረሻም «ፉቱሕ አል ሐበሻ»ን እንዴት እናንብበው ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። የድሉን ገጾች ከግዕዙ ዜና መዋዕል ጋር ጎን ለጎን አድርገን በጥርጣሬ እናንብብ፤ ኢማሙ የሚጠይቅባቸውን ገጾች ግን ደጋግመን እናንብብ፤ ሰው ሆኖ የሚታየው በነዚያ ነውና። መጽሐፉ ያላወቀውን የሐዲያን ወገን ለመጻፍ ደግሞ ሥራው የእኛ ነው። የሐዲያንና የከምባታን፥ የሀላባን፥ የስልጤንና የቀቤናን ቋንቋ የሚናገሩ ተማሪዎች በኮሌጃችን አሉ። ኡልሪኽ ብራውኬምፐር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ የሐዲያን ሽማግሌዎች ቃል ሰብስቦ በ1980 መጽሐፍ አውጥቷል። እርሱ ከባሕር ማዶ መጥቶ የጠየቀውን እኛ በእረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንሄድ ልንጠይቅ እንችላለን፤ አባቶችን ብቻ ሳይሆን እናቶችንም ጭምር። ዐረብ ፋቂህ የልጅቱን ቃል አልጻፈምና፥ ከእርስዋ የተረፈ ነገር ካለ የሚገኘው በሴቶቹ ትረካ ሊሆን ይችላል።