ብርሃኑ የተለካው በማን ፊት ነው?

የሕክምና ትምህርቴን የተማርኩት በጨለማ ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጀርመን አገር የቆዳ በሽታ ትምህርት ሲሰጠን መጋረጃው ይዘጋል፣ የስላይድ ማሳያው ቀጭ ይላል፣ ግድግዳው ላይም የሰው ክንድ፣ ጀርባ ወይም ጉንጭ ከኛ ቁመት በልጦ ይበራል። ፕሮፌሰሩ በረጅም ዘንግ እየጠቆሙ «ቅላቱን ተመልከቱ» ይሉናል። እኛም እንመለከታለን። ቅላቱ በእርግጥ ቀይ ነበር። በግድግዳው ላይ የሚበራው ቆዳ ሁልጊዜ ነጭ ስለ መሆኑ ግን፣ በአዳራሹ ውስጥ ብቸኛው ጥቁር ተማሪ የነበርኩት እኔ እንኳ አንድም ቀን እጄን አውጥቼ አልጠየቅሁም።

ስለ ስላይድ ፊልም የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ናፍቆት ነው። ናፍቆቱ አይገባኝም አልልም። ሊዮፖልድ ማንስና ሊዮፖልድ ጎዶውስኪ የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች፣ አንዱ ፒያኖ ሌላው ቫዮሊን ተጫዋች፣ የፈለሰፉት ኮዳክሮም እ.ኤ.አ. በ1935 ለሲኒማ፣ በ1936 ደግሞ ለፎቶግራፍ ካሜራ ገበያ ላይ ዋለ። በዚያው በ1936 አግፋ በጀርመን ቮልፌን የሚሠራውን የራሱን ባለ ቀለም ፊልም አወጣ። ኮዳክ በ2009 ኮዳክሮምን ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ይህን ፊልም ያጥብ የነበረው የመጨረሻው ቤት፣ በካንሳስ ግዛት ፓርሰንስ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው፣ በ2010 ማብቂያ ላይ መቀበሉን አቆመ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኳቸው የመታሰቢያ ጽሑፎች ዜማቸው አንድ ነው፤ ስላይድ አይዋሽም ይላሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ላስረዳ። ኔጋቲቭ ፊልም ወደ ወረቀት እስኪገለበጥ ድረስ ገና አላለቀም፤ የሚያትመው ሰው ያደምቀዋል፣ ያደበዝዘዋል፣ ቀለሙን ያስተካክለዋል። ስላይድ ግን በካሜራው ውስጥ ብርሃን የነካው ያው ቁራጭ ፊልም ራሱ ታጥቦ፣ በክፈፍ ገብቶ፣ ግድግዳ ላይ ይበራል። አማላጅ የለውም። እኛ ሐኪሞች የወደድነውም ለዚህ ነበር።

ውዳሴው ግን ግማሽ እውነት ነው። አማላጅ የሌለው ነገር ምሕረትም የለውም። ኔጋቲቭ ብርሃኑ በእጥፍ ቢበዛበት ይችለዋል፤ ስላይድ ግን ትንሽ ሲበዛበት ነጩ ነገር ሁሉ ታጥቦ ይሄድና ፊልሙ ባዶ መስተዋት ይሆናል፤ ሲያንስበት ደግሞ ጥላው ይደፈናል። ስለዚህ በስላይድ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ የሚማረው ነጩን ማዳን ነው። አሁን አንባቢ አንዲት የእኛ አገር እናት ነጭ ነጠላ ተከናንባ በቀትር ፀሐይ ቆማ ያስብልኝ። ነጠላዋና ፊቷ በአንድ ስላይድ ላይ እኩል አይድኑም። ነጠላውን ያዳነ ፊቷን ያጠፋል፤ ፊቷን ያዳነ ነጠላውን ያቃጥላል። ፊልሙ አልዋሸም። አንሺው ግን መርጧል፤ የትኛውን እንደሚመርጥም አስቀድሞ ተምሯል።

እዚህ ላይ ከዘመኑ ተቺዎች ትንሽ እለያለሁ። ካናዳዊቷ ምሁር ሎርና ሮት በ2009 ባሳተሙት ጥናት «የሸርሊ ካርድ» የሚባለውን ነገር በሰፊው አሳውቀውናል። ካርዱ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነው፤ የፎቶግራፍ ማተሚያ ቤቶች የቀለም ማሽናቸውን የሚያስተካክሉት የእርሷ ቆዳ አምሮ እስኪወጣ ድረስ ነበር። የሌላው ሰው መልክ እርሷን መስሎ ወይም ጨልሞ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ጥናቱ ትልቅ ነው፤ የፊልሙ ቅመም ራሱ ነጣ ያለ ቆዳን አስቦ መቀመሙንም ያስረዳል፣ አልክድም። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ግን ካርዱን ለሁሉም ፊልም ይጠቅሱታል። ስላይድ እኮ ማተሚያ ቤት አይገባም! ሸርሊ በስላይዱ ላይ ሥልጣን አልነበራትም። ይህን ልዩነት መዝለል ጥፋቱን ሁሉ በሩቁ ፋብሪካ ላይ ጥሎ፣ የብርሃን መለኪያውን በእጁ የያዘውን ሰው ነጻ ማውጣት ይሆናል።

መለኪያው በሌላ ሰው እጅ ሲገባ የሚሆነውን ማየት የሚሻ የጎርደን ፓርክስን የ1956 ሥራ ይመልከት። ፓርክስ የ«ላይፍ» መጽሔት የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። በዚያ ዓመት መጽሔቱ በዘር መለያየት ሥር የሚኖሩ የአንድ ሰፊ ቤተሰብ አባላትን እንዲያነሣ ወደ አላባማ ላከው፤ እርሱም ባለ ቀለም ስላይድ ይዞ ሄደ። የዚያ ትግል ሥዕሎች በአብዛኛው በጥቁርና ነጭ የሚታወቁ ናቸው። ፖሊስና ውሻ፣ ጩኸትና ሰልፍ ያሳያሉ፤ የፓርክስ ስላይዶች ግን የዕለት ኑሮን ያሳያሉ። የታተሙት ጥቂቶቹ ነበሩ። እርሱ በ2006 ካረፈ በኋላ፣ በ2012 ብዙ ስላይዶች የያዘ ሳጥን ተገኘ።

ከእነዚህ አንዱን ደጋግሜ አያለሁ። በሞቢል ከተማ በአንድ ትልቅ ሱቅ ደጅ አንዲት ሴት ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ከአጠገቧም ነጣ ያለ ልብስ የለበሰች ትንሽ ልጅ ቆመዋል። ከበላያቸው በቀይ የኒዮን መብራት «የባለ ቀለሞች መግቢያ» ይላል። «ባለ ቀለም» የሚለው ቃል የፊልሙም የሰዎቹም ስም ሆኖ ተገኘ። ሰዎች ስለ ኒዮኑ ብዙ ጽፈዋል። እኔ የማየው የሴቲቱን ፊት ነው። አልጠቆረም፣ አልተደፈነም፤ ቡናማው ቀለም እንደ ቀሚሱ ሁሉ የራሱ ደረጃ አለው። የሸሚዟ ማሰሪያ ከትከሻዋ ትንሽ መንሸራተቱ እንኳ ይታያል። ቀሚሱን፣ የልጅቱን ልብስና የሚያበራውን ኒዮን በአንድ ምሕረት የለሽ ፊልም ላይ ከዚህ ፊት ጋር ማስማማት ቀላል አልነበረም። ፊልሙ አይችልም የሚባለውን ችሏል። ስለዚህ «ፊልሙ ነው» የሚለው ሰበብ ለእኔ አይበቃኝም።

አይበቃኝም የምለው በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የአገሬ ልጅ ሴት ልጇን ይዛ መጣች። የልጅቱ ቅልጥም አብጧል፣ ትኩሳት አላት። እኔ ቅላት ፈለግሁ። ቅላት አላየሁም። እናትየው «ዶክተር፣ እግሯ እኮ ጠቁሯል፣ እንደ እሳት ይፋጃል» አለችኝ። ጠቁሯል ማለቷን የእናት ጭንቀት አድርጌ ቆጠርሁት፤ የሚወጥር ፋሻና የትኩሳት መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋቸው። በማግሥቱ ሌሊት ልጅቱ ከቆዳዋ ሥር የተዛመተው ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ገብቶ ሆስፒታል ተኛች። ዳነች፣ ተመስገን። እናትየው ያየችው ትክክለኛውን ምልክት ነበር፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ያ ቅላት እንዲያ ነው የሚታየው። እኔ ግን በዓይኔ ውስጥ የነበረው የአዳራሹ ስላይድ ነበር። በ2020 በለንደን የሕክምና ተማሪ የነበረው ማሎን ሙክዌንዴ ከመምህራኑ ጋር ሆኖ በጥቁርና በቡናማ ቆዳ ላይ የበሽታ ምልክቶችን የሚያሳይ «ማይንድ ዘ ጋፕ» የተባለ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ እጁን ያወጣ ተማሪ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ፤ አፈርሁም።

አጎቴ በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ስላይድ ያነሣ ነበር። ሳጥኑ አሁን እኔ ዘንድ ነው። አብዛኞቹ የጥምቀት በዓል ናቸው፤ ነጠላዎቹ ጥልፋቸው ሳይቀር ይቆጠራል፣ ፊቶቹ ግን ማን የማን እንደሆነ የምናውቀው በቁመታቸው ነው። አንዱ ስላይድ ብቻ ይለያል። እናቴ ከፀሐይ ሸሽታ ከዛፍ ጥላ ሥር ገብታለች፤ አጎቴም መለኪያውን ወደ እርሷ አስጠግቶ ሳይሆን አይቀርም። ከኋላዋ ያለው ሕዝብና ሜዳ ነጭ ነበልባል ሆኗል፣ ነጠላዋ ቀልጦ ዳር የለውም። ፊቷ ግን አለ፤ ግንባሯ ላይ ያለው ንቅሳት፣ ልትስቅ ስትል ከንፈሯ አጠገብ የሚታየው መስመር። አጎቴ ያንን ስላይድ ከሳጥኑ መጨረሻ፣ ከተቃጠሉት ጋር አስቀምጦታል። በክፈፉ ላይ በእርሳስ «የተበላሸ» ብሎ ጽፎበታል።