ስለትና መሥዋዕት በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ከምትገኘው ከማንኩሳ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በልብ ወለዱ ውስጥ መሥዋዕትነትና አንድነት ያላቸውን ዝምድና ማሳየት ነው።

ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ታማሚው ልጃቸው በዛብህ እንዲድንላቸው ለእግዚአብሔር ይሳሉታል፤ አድጎም ሚስት እንዳያገባ ይወስናሉ። ስለቱ ከእምነትና ከወላጅ ፍቅር የመነጨ ነው። ዳሩ ግን የተሰጠው ሕይወት የሌላ ሰው ነው። በክርስትና ትምህርት ክርስቶስ በፈቃዱ የሰጠው የገዛ ነፍሱን ነው፤ የተለያዩትን አንድ ማድረጉም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የማንኩሳው ስለት በአንጻሩ በዛብህን ከራሱ ጋር ያጣላዋል፤ ፍቅሩንም በደል ያስመስልበታል።

ስለ ሰብለ ወንጌል የተሳለ የለም። የአባቷን የፊታውራሪ መሸሻን ቤት በፈቃዷ ትታ በመነኩሴ ልብስ ትሰደዳለች፤ በዛብህ ሲሞትም ትመነኩሳለች። በመጨረሻ እርሷ፣ በዛብህና ጉዱ ካሣ በአንድ መቃብር ያርፋሉ። የባላባት ልጅ፣ የድኻ ልጅና እንደ እብድ የተቆጠረ ሰው በሕይወት የተነፈጉትን አንድነት በዚያ ያገኛሉ።

ልብ ወለዱን የእምነት ነቀፌታ ብቻ አድርጎ ማንበብ ይቻላል። በእኔ ንባብ ግን ነቀፌታው ያረፈው ባለቤቱ ሳይጠየቅ በሕይወቱ ላይ በሚቀርበው መሥዋዕት ላይ ነው፤ የሰብለ ምንኩስና በአክብሮት ተተርኳል።