አዲሱ ሳይሸከም አሮጌው አይነካም

ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የመጣ ወጣት ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ሌሊት ሰው ሲተኛ የኔትወርኩን መስመር አጥፍተን ብናሳድገው ምን አለበት?» አለኝ። ብዙ የሙያ ጓደኞቼም እንዲሁ ያምናሉ። እኔ አልቀበለውም። ከስማዳ ገጠር ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ የሚጠራላት ሌሊትም ነው። ራውተሩ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ከእጃችን ቢወጣስ? በክረምት ጭጋግ የጉናን ጥግ ይዞ ንፋስ መውጫ፣ ከዚያም ታች ጋይንት ድረስ በውድቅት ማን ይነዳል?

እኔ በቀን ነው የምሠራው። አዲሱን ሊንክ ከአሮጌው ጎን አቆምና የኦኤስፒኤፍ ኮስቱን ከፍ አድርጌ አስነሳዋለሁ፤ ራውተሮቹ ይተዋወቃሉ፣ ትራፊክ ግን አያልፍበትም። ትልልቅ ፓኬት እልክበታለሁ፤ ትንሹ ፒንግ እያለፈ ኤምቲዩው ባለመግጠሙ ብቻ ሲስተም ተንጠልጥሎ ሲቀር አይቻለሁ። ከዚያ ኮስቱን በሁለቱም ጫፍ ዝቅ አድርጌ አሻግራለሁ። ትእዛዜን በጊዜ ገደብ ነው የምሰጠው፤ ካላጸደቅሁት ራውተሩ በራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ከሁሉም በላይ የምከራከርበት ግን አሮጌው መስመር የሚፈታበት ጊዜ ነው። ማይክሮዌቭ በጥር ጠራራ ሙሉ አቅሙን ቢያሳየኝ አላምነውም። በተለይ በ18 ወይም በ23 ጊጋኸርዝ የሚሠራው፣ ዝናቡ ሲወርድ ሞዱሌሽኑን ዝቅ ያደርጋል፤ አቅሙም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ክረምት ሳያልፍ አሮጌው ሊንክ ከማማው አይወርድም። የበጀት ሰዎች ያጉረምርማሉ፤ ያጉረምርሙ።

«ይህ የማማ ጣጣ ነው፣ ክላውድ ላይ አንድ ቁልፍ መንካት ነው» የሚሉኝም አሉ። አማዞን ራሱ በዳይሬክት ኮኔክት አገልግሎቱ የራሱን መስመር የያዘ ደንበኛ ከ1 ወደ 10 ጊጋቢት ልደግ ቢል ፖርቱን ባለበት አይቀይርለትም። ደንበኛው አዲስ ግንኙነት ከፍቶ፣ ቢጂፒ አስነስቶ፣ ትራፊኩን ካዞረ በኋላ ነው አሮጌውን የሚዘጋው። የአማዞን ማዕከል ባለበት በኬፕታውንም ሆነ በንፋስ መውጫ ሥርዓቱ አንድ ነው።

በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆጠሩ እናቴ እስቴ ነበረች። ባሕር ማዶ ያለች እህቴ በየእሑዱ በቪዲዮ ታያት የነበረውን ፊቷን አጣችው። ስልክ ሲገኝ እናቴ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ ሥራህ ይኸው አይደል፣ መቼ ትቀጥሉታላችሁ?» መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የአምስት ደቂቃ መቋረጥ ምንም አይደለም የሚለኝን ሰው ማመን አልቻልሁም።