ኧረ ይሄ የካርቦን ጫማ!

ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:11:53 ጨርሳ ስትገባ ጫማዋን አውልቃ ከፍ አድርጋ ለዓለም ማሳየቷ ትዝ ይላችኋል? አሁን ነው በደንብ የገባኝ። እኔም የካርቦን ጫማ አግኝቼ ሮጥኩበት፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አስቁሜ የማወራው ስለዚህ ጫማ ብቻ ነው!

መጀመሪያ በሁለት እጄ ላጥፈው ሞከርኩ። እንቢ አለ! ሌላው የሩጫ ጫማ በቀላሉ እጥፍ ይላል፤ የዚህኛው ሶል ውስጥ ግን ከተረከዝ እስከ ጣት የተዘረጋ ስስ የካርቦን ፋይበር ፕሌት አለ። ቀጥዬ የሶሉን ፎም በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ጣቴ ስምጥ አለ፤ ገና ለቀቅ ሳደርገው ወደ ቦታው ተመለሰ። እንዲህ ያለ ድርቅ ነገር እንዲህ ባለ ለስላሳ ነገር ውስጥ! ክብደቱንማ ተዉት። የትዕግሥት ጫማ 138 ግራም ነው፤ ኪሳችሁ ውስጥ ካለው ስልክ ያንሳል። (የእርሷ እንኳን ፕሌት ሳይሆን እንደ ዘንግ የተሠራ ካርቦን ነው ያለው፤ ሥራው ግን ያው ነው።)

ከዚያ አስፋልት ላይ ወጣሁ። ቀስ ብዬ ስሮጥ ትንሽ ወላወል አደረገኝ፤ ፍጥነት ስጨምር ግን ነቃ! አስፋልቱን ስረግጠው መልሶ ወደ ፊት የሚገፋኝ እስኪመስለኝ ድረስ። ድምፁ ራሱ ሌላ ነው፤ ቷ ቷ ቷ እያለ ምት ይሰጣችኋል። ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ማግሥቱ ነው። ረጅም ሩጫ በሮጥኩ ማግሥት ደረጃ ስወርድ ባቴና ታፋዬ ያስለቅሱኝ ነበር። በዚህ ጫማ ሮጬ ግን ጠዋት ተነሥቼ ደረጃውን እንደ ወትሮው ወረድኩት። ለዚህ ብቻ እንኳ ገንዘቤን አውጥቼ እገዛዋለሁ!

ደግሞ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቬፐርፍላይ የተባለውን የናይክ የካርቦን ጫማ የመጀመሪያ ናሙና 18 ጎበዝ ሯጮች ላይ ፈትነውት፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲሮጡ የሚያወጡት ጉልበት በአማካይ 4 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ፎሙ ሲረገጥ ከተቀበለው ኃይል 87 በመቶውን መልሶ ይሰጣል! በወቅቱ አሉ ከሚባሉት የማራቶን ጫማዎች አንዱ 76፣ ሌላው 66 በመቶ ገደማ ነበር የሚመልሱት። ፕሌቱ ደግሞ ጣቶቻችን ሥር ያለው መገጣጠሚያ ተጣጥፎ ጉልበት እንዳያባክን ይይዘዋል፤ ቁርጭምጭሚትንም ያሳርፋል።

በጣም የገረመኝ ግን ይሄ ነው፦ ሌሎች ተመራማሪዎች ፕሌቱን ስድስት ቦታ ቆርጠው ድጋሚ ሲለኩ የታየው ልዩነት አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። ስሙን የወሰደው ካርቦኑ ነው እንጂ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ፎሙ ነው ማለት ነው!

የዚህን ጫማ ውጤት ከኛ በላይ ያየ ማን አለ? ቀነኒሳ በቀለ በ37 ዓመቱ፣ በ2012 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2:01:41 የሮጠው በዚህ ዓይነት ጫማ ነው፤ ለዓለም ክብረ ወሰን የቀረው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር። ትዕግሥት ደግሞ ያኔ የነበረውን የሴቶች ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለችው። ሰዓቷ አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የወንዶችን ምርጥ ሰዓት ካስመዘገበበት በ18 ሰከንድ ይፈጥናል! ልቡም እግሩም የእርሷ ነው፤ ጫማው ግን አግዟል። ባያግዝማ የዓለም አትሌቲክስ የሶሉን ውፍረት በ40 ሚሊ ሜትር ባልገደበው፤ ደራራ ሁሪሳም በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ቪየና ላይ አንደኛ ከገባ በኋላ ሶሉ በ1 ሴንቲ ሜትር በለጠ ተብሎ ባልተሰረዘ ነበር።

«ዕድሜውስ?» ትሉኛላችሁ። ካርቦኑ ቶሎ አይሰበርም፤ ቀድሞ የሚደክመው ፎሙ ነው። በዚህ ዓይነት ፎም የተሠራ ጫማ 450 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ ሲለካ ከተለመደው ፎም የነበረው ብልጫ ጠፍቶ ተገኝቷል። የትዕግሥትን ጫማማ አዲዳስ ራሱ ለአንድ ማራቶን ብሎ ነው የሠራው፤ በ500 ዶላር! ከሥር በቂ ጎማ ያላቸው ሌሎቹ ግን ለብዙ ውድድር ይበቃሉ። በቃ፣ ኮሮኮንች ላይ አታውጡት፤ ድንጋይ ፎሙን ይቦጭቀዋል። የሶሉ ጎን ላይ ሽብሽብ ሲበዛና ስትረግጡት አልመለስ ሲል ጊዜው እንዳለፈ እወቁ።

ለሁሉም እኩል ጥቅም እንደማይሰጥም ልንገራችሁ። በታላላቅ የኬንያ ሯጮች ላይ በተደረገ ጥናት አንዱ በጉልበት ቁጠባ ከ11 በመቶ በላይ ሲጠቀም ሌላው የዚያኑ ያህል ተጎድቷል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከጓደኛ ተውሳችሁም ቢሆን ሞክሩት። ገበያው ላይ ስሙን ብቻ የያዘ ብዙ ነውና በእጃችሁ አጥፉት፤ በቀላሉ ከታጠፈ ትታችሁት ሂዱ።

ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ የምትዘጋጁ ሁሉ፣ እባካችሁ ዘንድሮ አንድ ጊዜ ሮጣችሁበት እዩት! ብቻ ልምምድ ላይ አትጨርሱት፤ ጥቂት ቀን አላምዱትና ለውድድሩ ዕለት አስቀምጡት።