ለትንሽ ገንዳ የሚመጥን ሞገድ

በቤቱ ኮራል የሚያረባ ሰው አፉን ሲከፍት የሚያወራው ስለ መብራቱ ነው። እኔ ግን አድናቆቴ ለፓምፗ ነው። ኮራል እንስሳ ነው፤ ሆኖም ከተተከለበት ንቅንቅ አይልም። ምግቡንና ኦክስጅኑን የሚያመጣለት፣ ቆሻሻውንም የሚያነሳለት ወራጅ ውሃ ነው።

በ40 ሊትር ገንዳ ውስጥ በሰዓት 800 ሊትር የምትገፋ ፓምፕ ውሃውን 20 ጊዜ ታዞረዋለች፤ ለለስላሳዎቹ ኮራሎች አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ይበቃል። ቁጥሩ ግን ግማሽ መልስ ነው። ያው ኃይል በአንድ ቀጭን መስመር ከተወረወረ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ኮራል ሥጋውን ይገፈዋል። ከድንጋዩ ጀርባ ደግሞ ውሃው ይተኛል፣ አተላው ይከማቻል፣ ቀይ ዝልግልግ ነገር አሸዋውን ያለብሰዋል። ጥበቡ ፓምፗን ዞር አድርጎ ወደ መስታወቱ ማነጣጠር ነው፤ ውሃው ተላትሞ ይበተናል፣ አቅጣጫውም ይደበላለቃል። የኮራሉ ጫፎች አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ካሉ ተሳክቷል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካጎነበሱ ገና ነው።

በቀይ ባሕር ከሚኖሩት ለስላሳ ኮራሎች መካከል፣ ዜንያ በሚባለው ወገን፣ እንደ እጅ እየተከፈቱና እየተጨበጡ ውሃውን ራሳቸው የሚያንቀሳቅሱ አሉ። ይኼ ግን የጥቂቶች ጸጋ ነው፤ የቀሩት እኛን ይጠብቃሉ።

እናም ገንዳ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን መብራቱ ላይ ከመጨረሳችሁ በፊት የፓምፗን ዋጋ ለይታችሁ አስቀምጡ።