ማን አድነኝ አለህ?

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «ዘ ኢንክሬዲብልስ» አይታችሁታል? ሚስተር ኢንክሬዲብል ከሕንፃ የሚወድቀውን ሰውዬ አየር ላይ ይይዘውና መስኮት ሰብረው ይገባሉ። ሰውዬው ግን «መዳን አልፈለግሁም፤ ጭራሽ ጎዳኸኝ» ብሎ ይከሰዋል።

ፊልሙ በመጀመሪያው ቅሬታ ያሾፋል፣ ሁለተኛውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ቁም ነገሩ ያለው ግን እዚያ ነው! እስቲ እናስላው፦ 45 ሜትር የወደቀ ሰው (አየሩን እንርሳውና) ፍጥነቱ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በ1 ሜትር ውስጥ ካስቆማችሁት የክብደቱ 45 እጥፍ ያህል ኃይል ያርፍበታል። የጀግና ክንድ ነው ብሎ አጥንት አይራራም እኮ።

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሕጉ በድንገተኛ አደጋ ያለ ክፍያ ለረዳ ሰው ከለላ ይሰጣል፤ ከባድ ቸልተኝነት ካለ ግን ከለላው ይቀራል። ሰው መያዝ የዘወትር ሥራው የሆነ ጀግና ደግሞ «አላወቅሁም» ማለት ይከብደዋል። እኔ ዳኛ ብሆን በመጀመሪያው ክስ ነጻ እለቀዋለሁ፤ በሁለተኛው ግን በስንት ሜትር ውስጥ እንዳስቆመው እጠይቀዋለሁ።