ከመድረክ የወረደ ሰባኪና ሦስት ተረቶቹ

ከእናንተ መካከል የሲ. ኤስ. ሉዊስን የናርኒያ ታሪኮች ያላነበበ፣ ቢያንስ ፊልሙን ያላየ ጥቂት ነው። ሉዊስ ግን መምህሬ ብሎ የሚጠራው ሌላ ጸሐፊ ነበረው። ጆርጅ ማክዶናልድ ይባላል። በ1824 ሃንትሊ በምትባል የስኮትላንድ ከተማ ተወልዶ በ1905 አረፈ፤ ከ50 በላይ መጻሕፍትም ጽፏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሉዊስ በ1916፣ ገና የ17 ዓመት ልጅና በእግዚአብሔር መኖር የማያምን ሳለ፣ ከአንድ ባቡር ጣቢያ «ፋንታስቲስ» የተባለውን የማክዶናልድ መጽሐፍ ገዛ። ልቡ ወደ እምነት ከመምጣቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ምናቡን ያዘጋጀለት ያ መጽሐፍ እንደ ነበር ኋላ መስክሯል።

በዚህ ምክንያት ማክዶናልድን ማንበብ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ«ፋንታስቲስ» ነው። አንዳንዱ ደግሞ በ1895 ከታተመው፣ ከባድ ከሆነው «ሊሊት» ይጀምርና ሃያ ገጽ ሳይሄድ ይተወዋል። እኔ በሌላ በር እንድትገቡ እመክራለሁ። ብዙ የማይወራላቸው ሦስት አጫጭር ሥራዎች አሉት፤ እነሱም «ቀላሏ ልዕልት»፣ «የወርቁ ቁልፍ» እና «ጥበበኛዋ ሴት» ናቸው። በእኔ ግምት ጸሐፊውን ከሁሉ በተሻለ የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው።

ወደ ተረቶቹ ከመግባታችን በፊት ስለ ሰውዬው አንድ ነገር እንወቅ። ማክዶናልድ ደራሲ ከመባሉ በፊት መጋቢ ነበር። በ1850 በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው አረንደል ከተማ የአንዲት ኮንግሪጌሽናል ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ዲያቆናቱ በስብከቱ ቅር ተሰኙ። የጀርመን ነገረ መለኮት ገብቶበታል፣ ወንጌል ሳይሰሙ ለሞቱ ሰዎችም ተስፋ ይኖር ይሆናል ይላል ብለው ወቀሱት። ደመወዙንም ቀነሱበት። በ1853 አገልግሎቱን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱን ሉዊዛንና በጊዜ ሂደት 11 የደረሱ ልጆቹን ያሳደገው በብዕሩና ሕዝብ ፊት በሚያቀርበው ንግግር ነው። ድህነትና የሳንባ ነቀርሳ ከቤቱ ደጅ አልራቁም፤ ከአንድ በላይ ልጁንም በእጁ ቀብሯል።

መድረክ ያጣ ሰባኪ ንግግር የሚያበቃበትን ቦታ ያውቃል። በሦስቱም ተረቶች ውስጥ ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ማንም ስለ ተነገረው ብቻ አይለወጥም። ማስረዳት አለ፣ ተግሣጽ አለ፣ ሊቃውንትም አሉ፤ የሰው ልብ ግን የሚዞረው ከፊቱ ያለውን አንድ እርምጃ ሲታዘዝ ወይም ስለ እርሱ የተከፈለውን ዋጋ በዓይኑ ሲያይ ነው። ይህ ነገር በተለይ እኛን ይመለከተናል። በኅብረትና በሰንበት ትምህርት ያደግን ሰዎች የመስማት እጥረት የለብንም።

«ቀላሏ ልዕልት» በ1864 ወጣ። ለክርስትና በዓል ሳትጠራ የቀረች አንዲት ክፉ አክስት በቁጣ ሕፃኗን ልዕልት ክብደት ታሳጣታለች። ልጅቱ እንደ ላባ ትንሳፈፋለች፤ ካልያዟት ጣሪያ ላይ ትለጠፋለች፤ ነፋስም ይወስዳታል። በእንግሊዝኛው የምድርን ስበት የሚገልጸው ቃል ቁም ነገረኛነትንም ይገልጻል፤ ተረቱ የቆመው በዚህ ጨዋታ ላይ ነው። ደግነቱ ጨዋታው በእኛም ቋንቋ አይጠፋም፤ አንድን ሰው «ክብደት የለውም» ስንል ሚዛን ላይ አውጥተነው አይደለም። ልዕልቲቱም በሁሉ ነገር ትስቃለች። የጠላት ጦር ወደ ከተማዋ እየመጣ ነው ሲሏት ትስቃለች፤ እናቷ ስታለቅስ የፊቷ አኳኋን ያስቃታል። ነገር ግን፣ ይላል ተራኪው፣ ፈገግ ብላ አታውቅም።

ታዲያ ምን ያድናት? ሁለት ፈላስፎች ተጠርተው ይከራከራሉ፤ የሚያቀርቡት መድኃኒት ከበሽታው የባሰ ነው። ብታለቅስ ትድን ይሆናል ተብሎ ለማኝ መጥቶ የኀዘን ታሪኩን ያወራላታል፤ ትስቃለች። አባቷ ይገርፋታል፤ ትስቃለች። ክብደቷ የሚመለስላት ሐይቅ ውስጥ ስትዋኝ ብቻ ነው። አክስቷ ይህንን ስታውቅ ሐይቁን ከሥሩ ታደርቀዋለች። ቀዳዳውን ሊዘጋ የሚችለው በፈቃዱ ራሱን የሚሰጥ ሰው ገላ ብቻ መሆኑም ይታወቃል። የሚወዳት ልዑል ይመጣል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ውኃው እየሞላ ሳለ አጠገቡ ተቀምጣ እንድታጎርሰውና እንድታየው። እርሷ መጀመሪያ የምታስበው ሐይቋ ተመልሶ መሙላቱን ነው። ውኃው አፉን አልፎ ሲሸፍነው ግን ዘልላ ትገባለች፤ ታወጣዋለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ነፍሱን ለመመለስ ትደክማለች። ፀሐይ ስትወጣ ዓይኑን ይገልጣል፤ እርሷም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ታለቅሳለች፤ ምድር ላይም ትወድቃለች።

እዚህ ላይ ወንጌልን ያላየ ክርስቲያን አንባቢ የለም። ማክዶናልድ ግን ጣቱን አይቀስርም። ቀጥሎ የሚያሳየን ልዕልቲቱ መራመድ ስትማር፣ ስትወድቅና ስትጎዳ፣ ክብደት ማለት ይህ ከሆነ ብላ ስታማርር ነው። ይህችን ቁራጭ እወዳታለሁ። ከዳንን በኋላ እግራችን የሚያመን ጊዜ እንዳለ በመድረክ ላይ ብዙ አንናገርም።

«የወርቁ ቁልፍ» በ1867 የታተመ ነው። ሞሲ የተባለ ልጅ በቀስተ ደመና እግር ሥር የወርቅ ቁልፍ ያገኛል። ታንግል የተባለች ችላ የተባለች ልጅም ከቤቷ ወጥታ ኋላ ታገኘዋለች። ሁለቱም በአንድ ሸለቆ ውስጥ የሚያምሩ ጥላዎች ያያሉ፤ ጥላዎቹ ወደሚወርዱበት አገርም ጉዞ ይጀምራሉ። በመንገድ ላይ ያረጃሉ፣ ይለያያሉ። ታንግል ከባሕሩ ሽማግሌ ወደ ምድሩ ሽማግሌ፣ ከእርሱም ወደ እሳቱ ሽማግሌ ትላካለች፤ ከሁሉ አንጋፋ የሆነው የመጨረሻው ሽማግሌ ሲገኝ የሚጫወት ሕፃን ነው። የምድሩ ሽማግሌ መንገድ ስትጠይቀው ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ቁልቁል የሚወርድ ጉድጓድ ያሳያታል። ደረጃ የለውም። ራሷን መወርወር አለባት። ትወረወራለች።

ቁልፉ ምንድን ነው? እምነት? ጸሎት? ፍቅር? ተረቱ አይነግረንም። ማክዶናልድ በ1893 ስለ ምናብ በጻፈው ጽሑፍ፣ ተረት እንደ ምሳሌያዊ ድርሰት ቁራጭ በቁራጭ የሚፈታ እንዳልሆነና የጸሐፊው ሥራ በአንባቢው ውስጥ ትርጉም መቀስቀስ እንደሆነ ያስረዳል። እኛ «ትምህርቱ ምንድን ነው?» ብለን ለመዝጋት እንቸኩላለን። ይህ ተረት ለዚያ ጥያቄ እጅ አይሰጥም፤ ቁልፉን ይዛችሁ ብዙ ቀን እንድትሄዱ ያደርጋችኋል። ሁሉንም አንባቢ ደስ አሰኝቷል ማለት ግን አይደለም። ቶልኪን ለዚህ ተረት መቅድም እንዲጽፍ ተጠይቆ እንደገና ሲያነበው አልወደደውም። ሐሳቡን ለማስረዳት የጀመራት ትንሽ ታሪክ አድጋ በ1967 ራሷን የቻለች መጽሐፍ ሆነች። አልወደድሁትም ብሎ የተሻለ ለመሥራት መነሣትም አንድ የንባብ ፍሬ ነው።

ሦስተኛው፣ በ1875 የወጣው «ጥበበኛዋ ሴት»፣ ከሦስቱ ረጅሙና ጠንካራው ነው። ሮዛመንድ ልዕልት ናት፤ የጠየቀችው ሁሉ ስለ ተሰጣት ቁጡና ጨካኝ ሆናለች። አግነስ የእረኛ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ዘወትር ስለሚያደንቋት ራሷን ያለ ልክ ትወዳለች። ጥበበኛዋ ሴት ሁለቱንም በየተራ ወደ ጎጆዋ ትወስዳለች። እዚያ ቤቱን ያልጠረገ አይበላም። ኋላም እያንዳንዷ በሌላዋ ቤት ራሷን ታገኛለች፤ ልዕልቲቱ በእረኛው ቤት፣ የእረኛው ልጅ በቤተ መንግሥቱ ማድ ቤት።

አግነስን ጥበበኛዋ ሴት አንድ ክብ ባዶ ስፍራ ውስጥ ትዘጋባታለች። ከጊዜ በኋላ አንዲት ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ ታያለች፤ ያቺ ልጅ ራሷ አግነስ ናት። መጀመሪያ ደስ ትላታለች፤ እየዋለ እያደረ ግን በራሱ የረካው ፊቷ ያንገሸግሻታል። ስትወጣ ተለውጣለች፤ ቤት ትጠርጋለች፣ የታዘዘችውን ትሠራለች። ከዚያም «እንዴት መልካም ሆንሁ!» የሚል ሐሳብ ይገባባታል፤ እዚያው ትወድቃለች። የመለወጥ ትዕቢት! ይህንን እያነበበ ስለ ጎረቤቱ ብቻ የሚያስብ ሰው ካለ፣ በሉቃስ ወንጌል ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ስለ ወጡት ሁለት ሰዎች የተነገረውን ምሳሌ ደግሞ ያንብብ።

ሮዛመንድ በአንጻሩ በግልጽ ትወድቃለች። መልካም ልሆን ብላ ትወስናለች፤ ቁጣዋ ሲነሣ ውሳኔው ይተናል። ሦስት ጊዜ ትፈተናለች፤ ሁለቱን ትወድቃለች። ራሷን መለወጥ እንደማትችል ስታውቅ ነው እርዳታ የምትለምነው፤ ሦስተኛውንም የምታልፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ጉድለቶቹንም ልንገራችሁ። ማክዶናልድ ቃል አይቆጥብም። በ«ጥበበኛዋ ሴት» ውስጥ ተራኪው ታሪኩን አቁሞ መምከር የሚጀምርባቸው ገጾች አሉ፤ መናገር ብቻውን አይለውጥም የሚል ተረት ውስጥ ሲሆን ስሕተቱ ጎልቶ ይታያል። ራሱ ሉዊስ እንኳ በቃላት አጠቃቀሙ ከታላላቆቹ ተርታ አላሰለፈውም፤ ያደነቀው ታሪክ የመፍጠር ችሎታውን ነው። ልጆችን ከወላጅ ወስዶ በረሃብ ማስተማርም ለዛሬ አንባቢ የሚከብድ ነገር ነው፤ ቢከብዳችሁ አልፈርድባችሁም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የአስተምህሮ ጉዳይ ነው። ማክዶናልድ የእግዚአብሔር እሳት የሚያጠራ እሳት ነው፣ በመጨረሻም ማንም ውጭ አይቀርም ብሎ ተስፋ አደረገ። በ«ሊሊት» ውስጥ ይህ ተስፋ በግልጽ ይታያል። እኔ ይህንን አላስተምርም፤ በቤተ ክርስቲያናችን የምንማረውም ይህ አይደለም። ታዲያ መጽሐፉን እንዝጋው? አይመስለኝም። ማክዶናልድ ኃጢአትን አላቀለለም፤ ከእርሱ ይልቅ በቸልታ የሚያልፈው ብዙ ሰባኪ አለ። ደግሞም ተረቱን ራሱን በጥንቃቄ አንብቡት። አግነስ ሁሉን አግኝታለች፤ ብቸኝነትን፣ ራሷን ማየትን፣ ሁለተኛ ዕድልን። ያም ሆኖ ታሪኩ ሲያልቅ ያልተለወጠች ናት፤ ማክዶናልድም ለውጧን አስገድዶ አላመጣም። ተረት ተራኪው እዚህ ላይ ከነገረ መለኮቱ ይልቅ ታማኝ ሆኗል። የሰው ልብ እምቢ ማለት እንደሚችል የሚያሳየው የእርሱ የገዛ ገጽ ነው። አንድን ጸሐፊ መመርመር ማለትም ይህ ነው፤ ካልተስማማነው ነገር ጋር ያመጣልንን መልካም ሁሉ መጣል አይገባም፣ ከወደድነውም ጋር ስሕተቱን መዋጥ የለብንም።

መጻሕፍቱ የቆዩ ስለሆኑ የባለቤትነት መብታቸው አልፏል፤ በእንግሊዝኛ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ቋንቋው የድሮ ስለሆነ ከ«ቀላሏ ልዕልት» ጀምሩ፤ ከሁሉ የቀለለው እርሱ ነው፣ ያስቃልም። በኅብረታችሁ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ሌላው በአማርኛ ይተርክ። ሲያልቅ ስለ ትምህርቱ ለመጠየቅ አትቸኩሉ። ልዑሉ ውኃው እየሞላበት ሳለ ልዕልቲቱ ስለ ሐይቋ ስታስብ ምን እንደ ተሰማችሁ ተጠያየቁ። ከዚያም እያንዳንዳችሁ ብዙ ጊዜ ሰምታችሁት ገና ያልታዘዛችሁትን አንድ ነገር ለብቻችሁ ጻፉ። «የወርቁ ቁልፍ» ለሚቀጥለው ወር ይቆያችሁ።